ስለ ዓይን ሌዘርና ስለ ጦር አይሮፕላን አብራሪነት

በክፍላችን ውስጥ አንድ ጓደኛችን ባለፈው ዓመት የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ፊደላትን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ያጠና ነበር። ይህ ሰሌዳ በየሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ከላይ በትልቅ ፊደል ተጀምሮ ወደ ታች በወረደ መጠን ፊደሎቹ እያነሱ የሚሄዱበት ነው። ጓደኛችን ከልጅነቱ ጀምሮ የጦር አይሮፕላን አብራሪ ከመሆን በቀር ሌላ ምኞት የለውም፤ ዳሩ ግን ሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ አያይም። ከፊተኛው ወንበር ካልተቀመጠ በቀር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሁሉ ጭጋግ ይሆንበታል። ቢሆንም «ፊደሎቹን በቃሌ ከያዝኋቸው ማን ያውቅብኛል?» እያለ ይጽናና ነበር።

«ሐኪሙ ሰሌዳውን የለወጠው እንደ ሆነስ?» ብለን ስንጠይቀው ሁለተኛ ዘዴ አመጣ። በውጭ አገር የሚኖር አጎቱ ዓይኑን በሌዘር እንዲታከምበት ገንዘብ ሊልክለት ቃል ገብቶለታል። «የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መነጽር የለም፤ ዓይንህ ደካማ ነው የሚለኝም የለም» እያለ ቀኑን ይቆጥር ጀመር። ምን ዓይነት ሌዘር እንደ ሆነ፣ የሚያመለክትበት አየር ኃይል ስለዚህ ነገር ምን ደንብ እንዳለው ግን አልጠየቀም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ዓይኑን በሌዘር ያሳከመ ሰው የጦር አይሮፕላን እንዲያበር ይፈቀድለታልን? የሚለውን ጥያቄ ይዤ መጻሕፍት ባገላብጥ፣ መልሱ «አዎን»ም «አይሆንም»ም ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ሕክምናው ምን ዓይነት እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ተደረገ፣ አስቀድሞስ ማን እንደ ተጠየቀ ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ የማመለክታቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እንድትገነዘቡልኝ እለምናለሁ።

ዓይን እንዴት ያያል?

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን የዓይንን አሠራር በጥቂቱ እንመልከት። ከዓይናችን ፊት ለፊት እንደ እጅ ሰዓት መስተዋት ጥርት ብሎ ጎበጥ ያለ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ በአገራችን ሰዎች ከሞት በኋላ እንዲለግሱት የሚለመነው «የዓይን ብሌን» ይኸው ነው። ውፍረቱ በመካከሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከርሱ በስተኋላ ሌንስ አለ፤ በዓይን ውስጥ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ደግሞ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው ሬቲና ተነጥፏል።

ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ ኮርኒያና ሌንሱ አጥፈው በሬቲና ላይ በአንድ ነጥብ ያሳርፉታል። ይህ የማጠፍ ኃይል ዳዮፕተር በሚባል መለኪያ ይለካል። የአንድ ሰው ዓይን ኃይል 60 ዳዮፕተር ያህል ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ የሚሠራው ኮርኒያ ነው። ስለዚህ የኮርኒያ ጉብታ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ ዕይታ በብዙ ይለወጣል። የሌዘር ሕክምና ምሥጢርም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የጎልማሳ ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ርዝመቱ 24 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዓይን ከልክ በላይ የረዘመ እንደ ሆነ ብርሃኑ ሬቲናው ላይ ከመድረሱ በፊት ይገናኝና ሩቅ ያለው ነገር ይደበዝዛል፤ ቅርቡ ግን ይታያል። የአንድ ሚሊሜትር ትርፍ ርዝመት ሦስት ዳዮፕተር ያህል መዛባት ያመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 33 ሳንቲሜትር ድረስ፣ ማለት መጽሐፍ እስከሚያዝበት ርቀት ብቻ ነው። ዓይን ያጠረ እንደ ሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ የኮርኒያ ጉብታ በአንድ ወገን በርትቶ በሌላ ወገን የሳሳ እንደ ሆነ ደግሞ መስመር ሁሉ የተዛባ ይመስላል፤ ይህም አስቲግማቲዝም ይባላል።

ጓደኛችን በቃሉ ያጠናውን ሰሌዳ የፈለሰፈው ሄርማን ስኔለን የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም 1862 ዓ.ም. ነበር። ተመርማሪው በ6 ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። ጤነኛ ዓይን በ6 ሜትር ሊያነበው የሚገባውን መስመር ያነበበ ሰው ዕይታው 6/6 ነው ይባላል፤ አሜሪካኖች ርቀቱን በጫማ ስለሚለኩ ይህንኑ 20/20 ይሉታል። ጤነኛ ዓይን በ12 ሜትር የሚያነበውን ለማንበብ 6 ሜትር ድረስ መቅረብ የሚያስፈልገው ሰው ግን 6/12 ነው።

አየር ኃይል ስለ ዓይን ለምን ይጠነቀቃል?

አንዳንድ ተማሪዎች የዓይን ምርመራ ሰውን ለመጣል የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላቸዋል። እስቲ በሒሳብ እንየው። በሰዓት 900 ኪሎሜትር የሚበር አይሮፕላን በአንድ ሴኮንድ 250 ሜትር ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ሁለት አይሮፕላኖች ፊት ለፊት ቢመጣጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሴኮንዱ በ500 ሜትር ያጥራል። ሌላውን አይሮፕላን በ5 ኪሎሜትር ላይ ያየ አብራሪ 10 ሴኮንድ ጊዜ አለው፤ በ2 ኪሎሜትር ላይ ያየ ግን 4 ሴኮንድ ብቻ ነው የቀረው። በዚህች ጊዜ ውስጥ አይቶ፣ አስቦ፣ ወስኖ መታጠፍ አለበት።

«ታዲያ መነጽር ያድርግ» የሚል ይኖራል። በእርግጥም በብዙ አገር አየር ኃይል ውስጥ መነጽር የሚያደርጉ አብራሪዎች አሉ። ይሁን እንጂ ተዋጊ አይሮፕላን በኃይል ሲታጠፍ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ እስከ ዘጠኝ እጥፍ ድረስ ይከብዳል፤ 30 ግራም የሚመዝን መነጽር በዚያች ሰዓት 270 ግራም ይሆንና ከአፍንጫ ላይ ይንሸራተታል። ላብ ያጨልመዋል፤ ከራስ ቁርና ከኦክስጅን ጭንብል ጋር ይጋፋል፤ የሌሊት ማያ መሣሪያም ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል። አብራሪው በአደጋ ጊዜ ከአይሮፕላኑ ተወርውሮ ቢወጣ መነጽሩ በነፋሱ ይወሰዳል። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር የአብራሪነት እጩዎችን ያለ መነጽር 20/20 እንዲያዩ ይጠይቅ ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ ቢሆን በዓይናቸው ምክንያት ከበሩ የተመለሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

በስለት የተሞከረው መንገድ

መነጽርን ለማስቀረት ኮርኒያን ራሱን ማስተካከል የሚለው አሳብ ከሌዘር በፊት የነበረ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ጃፓናዊው ሐኪም ሱቶሙ ሳቶ ኮርኒያን በስለት በመብጣት ጉብታውን ለማቅለል ሞከረ። በመጀመሪያ ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን የብጣቱ ከፊል የተደረገው በኮርኒያ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለ ነበረ፣ በዚያ ያለውን ስስ የሕዋሳት ንጣፍ ጎድቶት ኖሮ፣ ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ የብዙዎቹ ታካሚዎች ኮርኒያ አብጦ ደፈረሰ። ዓይን ላይ የተሠራ ስሕተት ዋጋውን የሚጠይቀው ወዲያው ላይሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ታሪኩ ለእንደኛ ያለ ወጣት የሚነገር ነው። ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ የተባለው የሶቪየት ኅብረት ሐኪም በልጅነቱ የሚመኘው አብራሪ መሆንን ነበር። በ1943 ዓ.ም. በየሬቫን ከተማ ወደ ነበረው የአየር ኃይል መሰናዶ ትምህርት ቤት ገባ፤ ዳሩ ግን በደረሰበት አደጋ እግሩ ተጎድቶ በመቆረጡ ምኞቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሕክምና ተምሮ የታወቀ የዓይን ሐኪም ሆነ፤ በ1970ዎቹም የሳቶን ዘዴ አሻሽሎ፣ የኮርኒያን ውጫዊ ገጽ ብቻ ከመካከሉ ወደ ዳር እንደ መንኰራኵር ዘንግ በጥልቀት መብጣትን አስፋፋ። በዚህ መንገድ በሶቪየት ኅብረትና በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሰዎች መነጽራቸውን ጣሉ።

ይሁን እንጂ የፊዮዶሮቭ ጥበብ ለአብራሪዎች አልሆነችም። የተበጣ ኮርኒያ ጥንካሬው ስለሚቀንስ በአደጋ ጊዜ በቀላሉ ሊቀደድ ይችላል። ከዚህም የሚብሰው፣ ኮርኒያ ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር በመሆኑ፣ ሰውየው ወደ ከፍታ ሲወጣና ኦክስጅን ሲያንስ የተበጣው ስፍራ ያብጣል፤ የኮርኒያው መካከልም ይበልጥ ይነጠፋል፤ ዕይታውም ይዛባል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ቤክ ዌዘርስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በዚህ ዘዴ ዓይኑን አሳክሞ ሳለ በግንቦት 1996 ዓ.ም. ወደ ኤቨረስት ተራራ ሲወጣ፣ ከጫፉ ሳይደርስ ዓይኑ ስለ ደከመበት መንገዱን አቋርጦ ለመቆም ተገደደ። ሲመለስ ማዕበል ደረሰበትና በብርዱ ምክንያት ቀኝ ክንዱን፣ የግራ እጁን ጣቶችና አፍንጫውን አጣ፤ ሕይወቱ ግን ተረፈች። በተራራ ላይ እንዲህ የሆነ ዓይን በሰማይ ላይ ብቻውን ለሚበር አብራሪ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ በዚህ ዘዴ የተበጣ ዓይን በአሜሪካ ጦር ዛሬም ለአብራሪነት ተቀባይነት የለውም።

ሌዘር እንዴት ተገኘ?

ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ የመጀመሪያውን ሌዘር በግንቦት 1960 ዓ.ም. በራ። ሌዘር ማለት ሞገዶቹ ሁሉ እኩል ተሰልፈው በአንድነት የሚጓዙ ብርሃን ማለት ነው፤ የተበተነው ሕዝብ ተሰብስቦ እንደ ሰልፈኛ ወታደር እግሩን አስተካክሎ ሲሄድ እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩት ሌዘሮች ሥጋን የሚቆርጡት በሙቀት ስለ ነበረ፣ የቆረጡትን ስፍራ ዙሪያ ያቃጥሉ ነበር፤ ለኮርኒያ እንዲህ ያለው አይሆንም።

ነገሩን የለወጠው አይ.ቢ.ኤም. በተባለው ኩባንያ የምርምር ጣቢያ ውስጥ የተደረገ አንድ ቀላል ሙከራ ነው። በ1981 ዓ.ም. አሜሪካኖች የምስጋና በዓል ባከበሩ ማግሥት፣ ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን የተባለው ሳይንቲስት ከበዓሉ የተረፈ የተርኪ ዶሮ ሥጋ ከቤቱ ይዞ መጣ። በላዩም ኤክሳይመር የተባለውን የማይታይ ሌዘር አበራበት። የተቆረጠው ስፍራ ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ዳር ዳሩ አልጠቆረም፤ አልተኮማተረምም። ምክንያቱም የዚህ ብርሃን ሞገድ እጅግ አጭር፣ ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ በሚሆነው በናኖሜትር ሲለካ 193 በመሆኑ፣ ሥጋውን በማቃጠል ሳይሆን ሞለኪውሎቹን ያያያዘውን ማሰሪያ በመበጠስ ስለሚያነሣው ነው። ስሪኒቫሳንና ባልደረቦቹ ሳሙኤል ብለምና ጄምስ ዊን ይህን ካሳዩ በኋላ፣ የዓይን ሐኪሙ ስቲቨን ትሮከል በ1983 ዓ.ም. ይኸው ብርሃን ኮርኒያን ለመቅረጽ እንደሚያገለግል አስታወቀ። በ1988 ዓ.ም. ማርገሪት ማክዶናልድ የተባለች ሐኪም በሚያይ ሰው ዓይን ላይ ሠራችበት፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለሕዝብ አገልግሎት ፈቀደው።

ሌዘሩ በአንድ ምት የሚያነሣው የአንድ ሚሊሜትር አራት ሺኛ ያህል ብቻ ነው። የሦስት ዳዮፕተር ጉድለት ለማቃናት ከኮርኒያ መካከል የሚነሣው ጠቅላላ ውፍረት ከአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት ያነሰ ነው። ነገር ግን ይህች የተነሣችው ጥቂት ነገር ተመልሳ አትበቅልም። ይህንን አንባቢው አጥብቆ እንዲይዝልኝ እወዳለሁ።

ሁለቱ ዋና መንገዶች

አንደኛው መንገድ ፒ.አር.ኬ. ይባላል። ሐኪሙ የኮርኒያን የላይኛውን ስስ ቆዳ ይገፍና ሌዘሩን ያበራበታል፤ ቆዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ተመልሶ ይሸፍነዋል። እነዚህ ቀናት ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ዕይታውም ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ኮርኒያው እንዳይደፈርስ ዓይንን ከብርቱ ፀሐይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ላሲክ የሚባለው ነው፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በቀርጤስ ደሴት የሚኖረው ግሪካዊው ዮአኒስ ፓሊካሪስ ያስፋፋው ነው። በዚህ ጊዜ የላይኛው ቆዳ አይገፈፍም፤ ነገር ግን ከኮርኒያ ላይ አንድ ስስ ክዳን እንደ መጽሐፍ ገጽ ተቆርጦ ይገለጣል፤ ሌዘሩ ከሥሩ ይሠራል፤ ክዳኑም ተመልሶ ይደፈናል። ሕመሙ ጥቂት ነው፤ ታካሚው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ያያል። እንግዲህ ማንም ሰው ቢጠየቅ ላሲክን የሚመርጥ ይመስላል። ነገር ግን ክዳኑ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይጣበቅም፤ ዓይን በኃይል የተመታ እንደ ሆነ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሊገለጥ የሚችልበት ጊዜ አለ። ለወታደር ደግሞ መመታት እንግዳ ነገር አይደለም። የጦር ሐኪሞች መጀመሪያ ያመኑት ፒ.አር.ኬ.ን ብቻ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሩ የተከፈተው እንዴት ነው?

ፊዮዶሮቭ አብራሪ ለመሆን ፈልጎ ሐኪም የሆነ ሰው ነበር። በአሜሪካ በኩል ደግሞ አብራሪ ከሆነ በኋላ ሐኪም የሆነ ሰው ተነሣ። ስቲቨን ሻልሆርን በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ኤፍ-14 የተባለውን ተዋጊ አይሮፕላን ያበር ነበር፤ የተመረጡ አብራሪዎች በሚሠለጥኑበት ቶፕ ገን በሚባለው ትምህርት ቤትም አስተማሪ ነበረ። በኋላ ሕክምና ተምሮ የዓይን ሐኪም ሆነ፤ በ1993 ዓ.ም. በሳን ዲዬጎ ባለው የባሕር ኃይል ሆስፒታል የፒ.አር.ኬ.ን ጥናት ጀመረ። የመጀመሪያው ጥናት በ30 የባሕር ኃይል ባልደረቦች ላይ የተደረገ ነው። ጥያቄው «ሰውየው በሐኪም ቤት ሰሌዳውን ያነባልን?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «በሌሊትስ? በጭጋግስ? ብርሃን ፊቱ ላይ ሲበራበትስ?» የሚልም ነበር። በሌዘር የታከመ ዓይን አንዳንድ ጊዜ በሌሊት በመብራቶች ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ያያልና፣ በጨለማ በመርከብ ላይ ለሚያርፍ አብራሪ ይህ የሕይወት ነገር ነው።

ውጤቱ መልካም በመሆኑ ባሕር ኃይሉ ደረጃ በደረጃ በሩን ከፈተ። በ2006 ዓ.ም. እንደ ተዘገበው፣ በባሕር ኃይሉ አካዳሚ አንድ ሺህ ያህል ተማሪ ካለው ከየዓመቱ ምድብ ውስጥ ሲሶ የሚጠጉት ዓይናቸውን በሌዘር ያሳክሙ ነበር። በዓይን ድካም ምክንያት ብቻ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዱ የነበሩት ወጣቶች ለመብረር በመብቃታቸው፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ክፍል ሰው እስከ ማጣት መድረሱም ተወርቷል።

አየር ኃይሉ ግን ላሲክን ለመቀበል ዘገየ። የፈራው ያን ክዳን ነበር፤ በዘጠኝ እጥፍ ክብደት፣ ከአይሮፕላን ሲወረወሩ በሚመጣው ነፋስ፣ በከፍታም ላይ ይገለጥ ይሆን? ብሎ ነበር። ጥናቱ ሲደረግ የታከመና ያልታከመ ዓይን በእነዚህ ፈተናዎች ፊት ያሳዩት ልዩነት ጥቂት ወይም ምንም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ላሲክ ያደረገ አመልካች በዚያ ምክንያት ብቻ ወዲያውኑ እንዳይባረር ተወሰነ። በዚያው ዓመት ናሳ የተባለው የጠፈር ድርጅት፣ ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ካለፈና ዘላቂ ጉዳት ካልተገኘ፣ ሁለቱንም መንገዶች ለጠፈርተኞች ፈቀደ።

በሩ ተከፈተ እንጂ አልተነቀለም

አሁን ወደ ጓደኛችን አሳብ እንመለስ። በሩ መከፈቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዘብ ቆሞበታል። በአሜሪካ እንኳ በሌዘር የታከመ አመልካች የሚገባው ጉዳዩ ለብቻው ተመርምሮ በልዩ ፈቃድ ነው። የሚጠየቀውም በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ፣ ከሕክምናው በፊት የነበረው የዓይኑ ልክ ከተወሰነው ወሰን ያለፈ መሆን የለበትም። ብዙዎች በዚህ ይገረማሉ፤ «አሁን ካየሁ ስለ ድሮው ምን አገባቸው?» ይላሉ። መልሱ ግን ቀላል ነው። ሌዘር የሚያስተካክለው የፊቱን ኮርኒያ ብቻ ነው፤ ከልክ በላይ የረዘመ ዓይን ከሕክምናም በኋላ እንደ ረዘመ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ዓይን ውስጥ ሬቲና ተወጥሮ ስለሚሳሳ፣ የመቀደድና የመላቀቅ አደጋው ከሌላው ሰው ይበልጣል። ስለዚህ ከሕክምናው በፊት የተለካበትን ወረቀት የጣለ ሰው ማስረጃውን እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ ከሕክምናው በኋላ ወራት ማለፍ አለባቸው፤ ዕይታውም በየጊዜው እየተለካ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘት አለበት። ሦስተኛ፣ የሌሊት ዕይታው፣ የዓይኑ ድርቀትና የኮርኒያው ጥራት ይመረመራል። አራተኛ፣ ምንም ነገር መደበቅ የለበትም። ሰሌዳን በቃል ማጥናት እንደማይጠቅም ሁሉ ሌዘርንም መደበቅ አይጠቅምም፤ የኮርኒያን ጉብታ እንደ መሬት ካርታ የሚያነሣ መሣሪያ አለና፣ መካከሉ የተነጠፈው ኮርኒያ ወዲያው ይታወቃል። ያን ጊዜ ሰውየው የሚወድቀው በዓይኑ ሳይሆን በቃሉ ነው።

ሌዘር ከቶ የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት ያቃተውን ሰው ሌዘር አያድነውም። ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 ዓ.ም. ባሳተማቸው የነጠብጣብ ሥዕሎች እስከ ዛሬ የሚመረመረው ይኸው ጉድለት ነው። በሁለት ዓይን ርቀትን መገመት፣ በጎን ያለውን ማየት፣ የሬቲናም ጤንነት ከሌዘሩ ሥራ ውጭ ናቸው።

የሲቪል አብራሪነት ደንብ ደግሞ ሌላ ነው። አገራችን አባል የሆነችበት የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለንግድ አይሮፕላን አብራሪ የሚጠይቀው፣ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9፣ ሁለቱ በአንድነት 6/6 እንዲያዩ ነው፤ ይህም በመነጽር ቢሆን ይፈቀዳል። እንግዲህ መነጽር ያደረገ ልጅ ሰማይ ሁሉ ተዘግቶበታል ማለት አይደለም።

ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። በዚህም ነገር ከመታከም መጠየቅ መቅደም አለበት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዓይኑ ገና እያደገ፣ ልኩም እየተለወጠ ስለሚሄድ ለዚህ ሌዘር ጊዜው አይደለም፤ ዛሬ ቢስተካከል ነገ ተመልሶ ይዛባል፤ የተነሣው ኮርኒያ ግን አይመለስም። ዕድሜው የደረሰም ቢሆን ልኩ አንድ ዓመት ያህል ሳይለወጥ መቆየቱ፣ ኮርኒያውም በቂ ውፍረት ያለውና ሾጥጦ የማይወጣ መሆኑ ተመርምሮ መታወቅ አለበት። የአብራሪነት ምኞት ያለው ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ የሚያመለክትበት አየር ኃይል የትኛውን መንገድ እንደሚቀበል፣ ስንት ወር እንዲቆይ እንደሚጠይቅ፣ ምን ወረቀት እንደሚፈልግ ከዚያው ክፍል ሐኪም ይጠይቅ። እያንዳንዱ አገር የራሱ ደንብ አለውና አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ ሊከለከል ይችላል።

ወላጆችም ልጃቸው መጽሐፍ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ወይም ዓይኑን ሲያጨነቍር ያዩት እንደ ሆነ «ሰነፍ ነው» ከማለታቸው በፊት ዓይኑን ያስመርምሩለት። ልጆች በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ መዋላቸው ይህን የሩቅ ዕይታ ድካም ለመከላከል እንደሚረዳ ጥናቶች አረጋግጠዋል። መምህራን ደግሞ ከኋላ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ ተማሪ ሲያዩ፣ ምናልባት ከስንፍና ሳይሆን ሰሌዳውን ካለማየት የመጣ እንደ ሆነ ቢጠይቁት መልካም ነው።

ጓደኛችን በመጨረሻ ከእናቱ ጋር ወደ ዓይን ሐኪም ሄደ። ፊደሎቹን በቃሉ ያውቃቸው ነበርና፣ ሐኪሙ «ሦስተኛውን መስመር ከቀኝ ወደ ግራ አንብብ» ባለው ጊዜ ዝም አለ። ሐኪሙም ስቆ ዓይኑን በደንብ ለካው። ጉድለቱ ከሦስት ዳዮፕተር ጥቂት ያለፈ ነው። ዕድሜው 17 በመሆኑ ለሌዘር ገና እንደ ሆነ ተነገረው፤ መነጽርም ታዘዘለት። አጎቱ ከላከው ገንዘብ ላይ የመነጽሩ ዋጋ ተከፍሎ የቀረው በባንክ ተቀምጧል። ጓደኛችን የዓይኑን ልክ የተጻፈበትን ወረቀት በደብተሩ መካከል አኑሮታል፤ ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ እየተለካ ወረቀቱን ሊያጠራቅም ወስኗል። አሁን የሚቀመጠው ከመካከለኛው ረድፍ ነው። ሌላው ቢቀር ሒሳብን አሻሽሏል፤ ለአብራሪነትም ቢሆን ያለ ሒሳብ አይኬድምና መንገዱን ከደህናው በኩል ጀምሮታል እላለሁ።